የታሸገ የፍሬ ጭማቂ ለሕመምተኛ ይበጃልን?

ባለፈው ሰሞን የአንድ ባልንጀራችን እናት ታመው ሆስፒታል መተኛታቸውን ሰማንና ልንጠይቃቸው ሄድን። በአገራችን ልማድ ሕመምተኛ በባዶ እጅ አይጠየቅምና በመንገዳችን ካገኘነው ሱቅ ገብተን ሁለት ካርቶን የብርቱካን ጭማቂ ገዛን። ባለሱቁም «ለበሽተኛ ከሆነስ ይኸኛው ይሻላል፤ ቪታሚን አለበት» ሲል በካርቶኑ ላይ የተሣለውን ለሁለት የተገመሰ ብርቱካን በጣቱ አመለከተን። እኛም ሥዕሉን አይተን አመንን። ከዩኒቨርሲቲ ከወጣን ገና ሁለት ዓመት ያልሞላን፣ ያውም ኬሚስትሪ የተማርን ሆነን ሳለ ከሥዕሉ ሥር በደቃቅ ፊደል የተጻፈውን ለማንበብ እንኳ አለማሰባችን አሁን ስናስታውሰው ያሳፍረናል።

ከክፍሉ ስንደርስ በእትዬ አልጋ ራስጌ ባለችው ኮመዲኖ ላይ የጭማቂ ካርቶን እንደ ጡብ ተደርድሯል። የብርቱካን አለ፣ የማንጎ አለ፣ የፖም አለ፣ የጓቫ አለ። ለኮመዲኖዋ የተረፈው ደግሞ ከአልጋው ሥር በፌስታል ተቀምጧል። ወዲያው ነርሷ ገባችና የያዝነውን አይታ «እናንተም ጨመራችሁ?» አለችን። ለካስ እትዬ የስኳር ሕመምተኛ ኖረዋል። ሐኪሞቹ ሦስት ቀን ሙሉ የደማቸው ስኳር ለምን አልወርድ እንዳለ ሲጨነቁ ከርመው፣ በመጨረሻ ምክንያቱ ከኮመዲኖው ላይ ተገኘ። ጠያቂ በመጣ ቁጥር አንድ ካርቶን ይከፈታል፤ እትዬም ይሉኝታ ይዟቸው ከጠያቂው ጋር አብረው ይጠጣሉ።

«ልጄ፣ ፍሬ እኮ ነው» አሉን እትዬ ነርሷ ከወጣች በኋላ። «ሻይ በስኳር አልጠጣሁ፣ ለስላሳ አልጠጣሁ። ፈጣሪ ከዛፍ ላይ ያወረደው ፍሬ ምን ይለኛል? ደግሞስ ቪታሚኑ አይጠቅመኝም ትላለህ?»

እኛም መልስ አጣን። «የለም እትዬ፣ ነርሷ ያለችውን ይስሙ እንጂ» ብለን በደፈናው አለፍነው። ነገር ግን ጥያቄያቸው ከጆሯችን አልወጣም። በየሱቁ መደርደሪያ ላይ የምናየው፣ በጾም ወራት ለማዕድ የምናቀርበው፣ ለልጆች በምሳ ዕቃ የምንጨምረው ይህ መጠጥ በእርግጥ ቪታሚን አለውን? ካለውስ ምን ያህል ነው? ከዚያ ቀን ጀምሮ መጽሐፍ ስናገላብጥ ሰነበትንና ያገኘነውን ለአንባቢዎቻችን ልናካፍል ወደድን።

የፍሬን ጭማቂ ከነኃይሉ ለብዙ ጊዜ አቆይቶ ለመጠጣት መሞከር የትናንት ነገር አይደለም። በ18ኛው ምእት ዓመት የአውሮፓ መርከበኞች ለወራት ባሕር ላይ ሲቆዩ ከጦርነት ይልቅ የሚፈጃቸው ስከርቪ የተባለ በሽታ ነበር። ድዳቸው ያብጥና ይደማል፣ ጥርሳቸው ይነቃነቃል፣ የዳነ ቁስል እንደገና ያመረቅዛል፣ በመጨረሻም ይሞታሉ። እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ1747 ጄምስ ሊንድ የተባለ ስኮትላንዳዊ የመርከብ ሐኪም፣ ሳልዝበሪ በተባለችው የእንግሊዝ የጦር መርከብ ላይ 12 በሽተኞች መርጦ ሁለት ሁለት አድርጎ ከፈላቸው። ለአንዱ ጥንድ ኮምጣጤ፣ ለሌላው የባሕር ውሃ፣ ለሌላው የፖም ጠጅ፣ እንዲህ እያለ ለእያንዳንዱ ጥንድ ልዩ ልዩ መድኃኒት ሰጠ። ለመጨረሻዎቹ ሁለት ሰዎች የደረሳቸው በቀን ሁለት ብርቱካንና አንድ ሎሚ ነበር። ፍሬው በስድስት ቀን አለቀ፤ ነገር ግን በስድስት ቀን ውስጥ ከሁለቱ አንደኛው ወደ ሥራው ለመመለስ በቃ።

ይህን ታሪክ ብዙ ሰው ያውቀዋል። ብዙ ሰው የማያውቀው ቀጥሎ የሆነውን ነው። ሊንድ በ1753 ባሳተመው መጽሐፍ፣ ፍሬ በባሕር ላይ ስለሚበሰብስ ጭማቂውን በእሳት ቀስ አድርጎ አትንኖ እንደ ማር ሲወፍር በጠርሙስ ማስቀመጥ ይበጃል ሲል መከረ። እንግዲህ ይህን የዛሬው የካርቶን ጭማቂ ቅድመ አያት ልንለው እንችላለን። ውጤቱ ግን አላማረም። ጭማቂው ለረዥም ሰዓት ሲሞቅ፣ ከዚያም በጠርሙስ ሲከርም፣ የሚያድነው ነገር አብዛኛው ጠፍቶ ነበር። የእንግሊዝ ባሕር ኃይል በ1795 የሎሚ ጭማቂ ለመርከበኞቹ ሁሉ እንዲሰጥ ባዘዘ ጊዜ ግን በሽታው ከመርከቦቹ ጠፋ ማለት ይቻላል።

ከዚያም በኋላ ሌላ ስሕተት ተሠራ። በ1860ዎቹ ገደማ ትልቁን የሜዲትራኒያን ሎሚ ትተው፣ እኛ አገር ሎሚ የምንለውን ዓይነት ትንሹንና ኮምጣጣውን ፍሬ ከካሪቢያን ደሴቶች ያመጡ ጀመር። ይበልጥ ስለሚኮመጥጥ ይበልጥ ያድናል ብለው ነበር። የሚያድነው ግን ኮምጣጣነቱ አልነበረም፤ ይህ ፍሬ ከፊተኛው ያነሰ ቪታሚን ነው ያለው። ያም ሳይበቃ ጭማቂው በመዳብ ቧንቧ ሲያልፍና ለብርሃንና ለአየር ተጋልጦ ሲቆይ የነበረውንም ያጣል። በ1875 ወደ ሰሜን ዋልታ የተላከው የካፒቴን ኔርስ ጉዞ ጭማቂውን ይዞ ሄዶ ሳለ ሰዎቹ በስከርቪ ተመተው ተመለሱ። ስሙ ጭማቂ ስለሆነ ብቻ አላዳነም።

የሚያድነው ነገር ምንነት የታወቀው በ20ኛው ምእት ዓመት ነው። አልበርት ሰንት ጆርጂ የተባለው የሀንጋሪ ሊቅ በ1928 አንድ ንጥረ ነገር ለይቶ አወጣ፤ በኋላም ይኸው ነገር ቪታሚን ሲ መሆኑ ተረጋገጠ። ሊቁ ብዙ ቪታሚን የሚገኝበት ተክል አጥቶ ሲቸገር፣ አንድ ማታ ባለቤቱ ለራት ያቀረበችለትን በርበሬ ለመብላት ስላልፈለገ ወደ ላቦራቶሪው ይዞት ሄደ ይባላል፤ ታሪኩን ያወጋው ራሱ ነው። ሰገድ የተባለችው ከተማ በርበሬ የሚመረትባት ነበረችና ከዚያ በኋላ ቪታሚኑን በኪሎ ያወጣው ጀመር። በ1937 የኖቤልን ሽልማት ተቀበለ። እንግዲህ ቪታሚን ሲ በብዛት የተገኘው ከብርቱካን ሳይሆን ከበርበሬ መሆኑን አንባቢ ልብ ይበልልን፤ ወደ ኋላ እንመለስበታለን።

ይህ ቪታሚን ጠላቱ ብዙ ነው። በውሃ ይሟሟል፤ ከአየር ውስጥ ያለው ኦክሲጅን ያቃጥለዋል፤ ሙቀትና ብርሃን ያፋጥኑበታል፤ መዳብ ከነካው ደግሞ ፈጥኖ ይጠፋል። ተማሪ ሳለን በላቦራቶሪ ያየነውን እንናገር። በጭማቂው ውስጥ ጥቂት የስታርች ውሃ ይጨመርና አዮዲን ጠብ ጠብ ይደረግበታል። ቪታሚኑ እስካለ ድረስ አዮዲኑን ይውጠዋል፤ ቪታሚኑ ሲያልቅ ግን ጭማቂው በድንገት ሰማያዊ ይሆናል። ስለዚህ የጠብታው ብዛት የቪታሚኑን ብዛት ይናገራል ማለት ነው። ያን ጊዜ ከሱቅ የመጣው የፖም ጭማቂ ገና በመጀመሪያዎቹ ጠብታዎች ሰማያዊ ሲሆንብን፣ አንድ ጓደኛችን ከተማሪዎች ምግብ ቤት ሰርቆ ያመጣው ቃሪያ ተጨቅጭቆ ተጣርቶ ሲፈተሽ ጠብታው አላልቅ አለን። በጊዜው ሳቅንና አለፍን።

አሁን የፋብሪካውን ሥራ እንመልከት። በዓለም ገበያ የሚሸጠው የብርቱካን ጭማቂ ብዙው ከብራዚል ይመጣል። ብርቱካኑ ታጥቦ ይጨመቅና አየሩ በተመጠጠለት ጋን ውስጥ በዝቅተኛ ሙቀት ውሃው ተንኖ ይወጣል። የቀረው ወፍራም ነገር ቀዝቅዞ በመርከብ ይጓዛል፤ ከደረሰበት አገር ውሃ ይመለስለታል፣ ሲተን ያመለጠው መዓዛም ይጨመርለታል። «ከኮንሰንትሬት የተሠራ» ተብሎ የሚጻፈው ይህ ነው። ይህን ዘዴ በፍሎሪዳ ያሉ ተመራማሪዎች ያሻሻሉት በ1940ዎቹ ሲሆን፣ የሁለተኛው የዓለም ጦርነት ወታደሮች ቪታሚን ያስፈልጋቸዋል የሚለው ሐሳብ ለሥራው ገፋፊ ነበር። ውሃው ሳይወጣ የሚታሸግም አለ፤ «ከኮንሰንትሬት ያልተሠራ» የሚል ጽሕፈት ያለበትና ዋጋው ወደድ የሚለው ማለት ነው። ይሁን እንጂ እሱም ቢሆን ኦክሲጅኑ ወጥቶለት በታላላቅ ጋኖች ለብዙ ወራት ሊቀመጥ ይችላል፤ ጣዕሙም በዚያው ስለሚደበዝዝ ከብርቱካኑ ዘይትና መዓዛ የተቀመመ ይጨመርለታል። ትናንት የተጨመቀ የሚመስለው ሰው ካለ ተሳስቷል።

ሁለቱም ከመታሸጋቸው በፊት ከ90 ዲግሪ ሴንቲግሬድ በላይ ለጥቂት ሰኮንድ ይሞቃሉ። ብዙ ሰው «ቪታሚኑን የገደለው ይህ ሙቀት ነው» ይላል። እኛም እንዲሁ ይመስለን ነበር፤ ነገሩ ግን ግማሽ እውነት ነው። ለሰኮንዶች ብቻ የሚቆይ ሙቀት የሚያጠፋው ጥቂት ነው። የበለጠ የሚያጠፋው መከራረም ነው። በካርቶኑ ውስጥ የቀረው አየር፣ በላስቲክ ጠርሙስ ግድግዳ ቀስ እያለ የሚገባው ኦክሲጅን፣ ከሁሉም በላይ የመጋዘኑና የሱቁ ሙቀት በወራት ውስጥ ሥራቸውን ይሠራሉ። ጭማቂው ከባሕር ማዶ በኮንቴይነር ተጭኖ፣ ወደብ ላይ በፀሐይ ቆይቶ፣ ከዚያም በባለሱቁ መስኮት ላይ ለዓይን እንዲስብ ፀሐይ ፊት ከተደረደረ፣ በማሸጊያው ላይ የተጻፈው ቁጥር ከውስጡ ካለው ጋር መስማማቱ ያጠራጥራል። ፋብሪካዎችም ይህን ስለሚያውቁ ብዙዎቹ አስኮርቢክ አሲድ፣ ማለት በፋብሪካ የተሠራ ቪታሚን ሲ፣ ይጨምሩበታል። የተጨመረው ከፍሬው ከመጣው በምንም አይለይም፤ ሰውነትም ለይቶ አያየውም። ታዲያ ለዚህ ከሆነ ኪኒኑ ይረክሳል የሚል ቢኖር አንከራከረውም።

ማሸጊያው ላይ የተጻፈው ሁሉ እውነት ነው ብሎ ማመን ምን እንደሚያስከትል የኒውዚላንድን ታሪክ እንንገር። በ2004 በኦክላንድ ከተማ ሁለት የ14 ዓመት ተማሪዎች ለትምህርት ቤታቸው የሳይንስ ሥራ የልዩ ልዩ ጭማቂዎችን ቪታሚን ሲ መለኩ። ራይቢና የሚባለው ስመ ጥሩ መጠጥ የሚሠራበት ብላክከረንት የተባለ ጥቁር ፍሬ ከብርቱካን አራት እጥፍ ቪታሚን ሲ አለው እየተባለ ይነገርለት ነበር። ልጃገረዶቹ ሲለኩት ግን እንኳን አራት እጥፍ ሊሆን ከሌሎቹ ሁሉ አንሶ ተገኘ። ስሕተቱ ከእኛ ነው ብለው ደጋግመው ለኩ። ወደ ኩባንያው ቢደውሉ ሰሚ አጡ፤ ነገሩ በቴሌቪዥን ተነገረ፣ የመንግሥት የንግድ ቁጥጥር ኮሚሽንም ምርመራ ከፈተ። በካርቶን የሚሸጠው ራይቢና በ100 ሚሊ ሊትር 7 ሚሊ ግራም ቪታሚን ሲ አለው ተብሎ ተጽፎበት ሳለ በምርመራ ምንም ሊገኝበት አልቻለም። ባለቤቱ ግላክሶ ስሚዝ ክላይን የተባለው የታወቀ የመድኃኒት ኩባንያ በ2007 ፍርድ ቤት ቀርቦ ጥፋቱን አመነና ከ200 ሺህ የኒውዚላንድ ዶላር በላይ ተቀጣ። «ፍሬው አራት እጥፍ አለው» መባሉ ሐሰት አልነበረም። ፍሬው አለው፤ መጠጡ ነው የሌለው። የካርቶን ሥዕል ሁሉ የሚያታልለው በዚሁ መንገድ ነው።

ስለዚህ ሥዕሉን ትቶ ስሙን ማንበብ ነው። «100 ከመቶ ጁስ» የሚል ከሆነ ፍሬ ብቻ ነው ማለት ነው። «ኔክታር» የሚል ከሆነ ውሃና ብዙ ጊዜም ስኳር ተጨምሮበታል፤ ኮዴክስ የተባለው ዓለም አቀፍ የምግብ ደንብ በ2005 ባወጣው መመዘኛ የብርቱካን ኔክታር ቢያንስ ግማሹ፣ የማንጎና የጓቫ ግን ሩብ ያህሉ ብቻ ፍሬ ቢሆን ይበቃል። «ድሪንክ» የሚል ከሆነ ደግሞ ባለቀለም ስኳር ውሃ ሊሆን ስለሚችል የፍሬውን መቶኛ ፈልጎ ማየት ያሻል። በእትዬ ኮመዲኖ ላይ ከነበሩት ውስጥ 100 ከመቶ የሚለው ሁለት ብቻ ነበር። የእኛ ሁለቱ ካርቶኖች ኔክታር ሆነው ተገኙ።

አሁን ወደ ቁጥሩ እንግባ። ወዲያው የተጨመቀ ብርቱካን በ100 ግራም 50 ሚሊ ግራም ያህል ቪታሚን ሲ አለው። የዓለም ጤና ድርጅትና የዓለም የእርሻና የምግብ ድርጅት ለአንድ ጎልማሳ በቀን የሚመክሩት 45 ሚሊ ግራም ነው፤ ስከርቪን ለመከላከል ብቻ ከሆነ 10 ያህሉ ይበቃል። እንግዲህ ደኅና ሆኖ የታሸገና በደንብ የተያዘ የብርቱካን ጭማቂ ጥቂት ቢጎድልበትም አንድ ብርጭቆው የቀኑን ድርሻ ሊሰጥ ይችላል። ፖታሲየምና ፎሌትም አለው። ሐሰት አንናገርም፤ የብርቱካን ጭማቂ ከንቱ መጠጥ አይደለም። የፖም ጭማቂ ግን ቪታሚን ካልተጨመረበት በ100 ግራም 1 ሚሊ ግራም ያህል ብቻ ነው ያለው፤ ያ የጠራ ወርቃማ መልኩ የሚገኘው ሥጋው ሁሉ ተጣርቶ ከወጣ በኋላ ነውና።

የእትዬ ጥያቄ ግን ያለው ሌላ ቦታ ነው። አንድ ትልቅ ብርጭቆ፣ 250 ሚሊ ሊትር ያህል፣ ምንም ስኳር ያልተጨመረበት የብርቱካን ጭማቂ 21 ግራም ስኳር ይዟል። ይኸውም በሻይ ማንኪያ አምስት ያህል ነው። ከኮካኮላ ጋር ብናስተያየው በ100 ሚሊ ሊትር የብርቱካኑ ከ8 ግራም በላይ፣ የፖሙ ወደ 10 ግራም፣ የኮካኮላው ከ10 ግራም ጥቂት በላይ ነው፤ የወይን ጭማቂ ደግሞ ሁሉንም ይበልጣል። እትዬ ለስላሳ አልጠጣሁም ያሉት በቅን ልቡና ነው፤ የጠጡት ግን ከለስላሳ እምብዛም የማይለይ ነበር። የዓለም ጤና ድርጅት በ2015 ባወጣው መመሪያ ቀኑን ሙሉ የሚወሰደው ስኳር ከጠቅላላው ኃይል ሰጪ ምግብ ከአሥር አንድ እጅ በታች፣ በ2,000 ካሎሪ ሲሰላ ከ50 ግራም በታች እንዲሆን፣ ቢቻል ደግሞ ግማሹ እንዲሆን ይመክራል። በዚህ ሒሳብ ውስጥ የጭማቂ ስኳር ይገባል፤ ከነሥጋው የሚበላ ፍሬ ስኳር ግን አይገባም።

ለምን ይህ ልዩነት ሆነ? አንድ መካከለኛ ብርቱካን 12 ግራም ያህል ስኳር ሲኖረው 3 ግራም ያህል ደግሞ አሰር አለው። ስኳሩ በፍሬው ሥጋ ውስጥ ታስሮ ነው ያለው፤ ተላምጦ፣ ቀስ ብሎ ይገባል፣ ሆድንም ይሞላል። ሦስት ብርቱካን ላጥቶ በተቀመጡበት መጨረስ ያታክታል፤ የሦስት ብርቱካን ጭማቂ ግን በአንድ ትንፋሽ ይጠጣል፣ አሰሩም በመጭመቂያው ላይ ቀርቷል። በ2013 የሐርቫርድ ተመራማሪዎች ከ187 ሺህ የሚበልጡ አሜሪካውያንን ለብዙ ዓመታት ተከታትለው በእንግሊዝ የሕክምና መጽሔት ባወጡት ጥናት፣ ፍሬን በተለይም ወይንን፣ ፖምንና ብሉቤሪን ከነሥጋው የሚበሉ ሰዎች በሁለተኛው ዓይነት የስኳር ሕመም የመያዛቸው ነገር ሲቀንስ፣ ጭማቂ የሚያበዙት ግን ሲጨምር አይተዋል። ኩላሊቱ ለታመመ ሰው ደግሞ ያ የተመሰገነው ፖታሲየም ራሱ አደጋ ሊሆን ስለሚችል፣ ጠያቂ ካርቶኑን ከማስከፈቱ በፊት ነርሷን ቢጠይቅ ይሻላል።

ከሕመምተኛ ቀጥሎ የሚያሳስበን የሕፃናት ነገር ነው። ጭማቂ በጡጦ አድርገው ለሕፃን የሚያጠቡ እናቶች አይተናል፤ ያደረጉት ለልጃቸው ደግ አስበው ነው። የአሜሪካ የሕፃናት ሐኪሞች አካዳሚ በ2017 ባወጣው ምክር አንድ ዓመት ያልሞላው ሕፃን ጭራሽ ጭማቂ እንዳይሰጠው፣ ከአንድ እስከ ሦስት ዓመት ላለው ደግሞ በቀን ከ120 ሚሊ ሊትር ያህል እንዳይበልጥ፣ እሱም በኩባያ እንጂ በጡጦ እንዳይሆን ብሏል። ጥርሱን ያበላሻል፤ ሆዱንም ሞልቶ የእናቱን ጡት፣ ወተቱንና እንቁላሉን ያስተወዋል። በአንድ ካርቶን ዋጋ ስንት እንቁላል እንደሚገዛ አንባቢ ራሱ ያስላው።

«እንግዲያስ ጁስ ቤት መሄድ ነዋ!» የሚል ይኖራል። በከተሞቻችን ጁስ ቤቶች ማንጎውና ፓፓያው የሚፈጨው ከነሥጋው ስለሆነ አሰሩ አይጣልም፤ በማንኪያ የሚበላው ስፕሪስ ከካርቶኑ የሚሻልበት ይህ ነው። ነገር ግን ከላይ የሚፈስበትን የስኳር ውሃ ማስቀረት ይቻላልና «ስኳር አትጨምርብኝ» ማለት ነው። ንጽሕናም አለ። በ1996 በአሜሪካ ኦድዋላ የተባለ ድርጅት ሳይሞቅ የሸጠው የፖም ጭማቂ ኢ ኮላይ በተባለ ጀርም ተበክሎ ብዙ ሰው አሳምሟል፣ አንዲት ሕፃንም ሞታለች። ፋብሪካዎች ጭማቂውን የሚያሞቁት ያለ ምክንያት አይደለም።

ቃሪያውን አልረሳነውም። ጥሬ ቃሪያ በ100 ግራም 240 ሚሊ ግራም ያህል ቪታሚን ሲ አለው፤ የብርቱካንን አራት እጥፍ ይበልጣል ማለት ነው። ዘይቱን ወደ ሀንጋሪ ሳንሄድ ከገበታችን ላይ አለ፤ 20 ግራም የምትመዝን አንዲት ቃሪያ የቀኑን ድርሻ ታደርሳለች። ጓቫም ከ200 ሚሊ ግራም በላይ አለው፣ ግን ፍሬው ነው እንጂ ሩብ ያህል ጓቫ ያለበት ኔክታር አይደለም። ከዚህም በላይ ቪታሚን ሲ ከእህል የሚገኘውን ብረት ሰውነት እንዲቀበለው ይረዳል። ስለዚህ በእንጀራና በምስር ላይ ቃሪያ ሰንጎ ወይም ሎሚ ጨምቆ መብላት ለጣዕም ብቻ አይደለም። ሻይና ቡና ግን ከምግብ ጋር ሲጠጡ ብረቱን ያስቀራሉ።

ባለፈው እሑድ እትዬን እንደገና ልንጠይቃቸው ሄድን። ሦስት ብርቱካን በወረቀት ጠቅልለን ነበር፤ ነርሷን ጠየቅናትና «አንዱን ይብሉ፣ ሁለቱን ለነገ» አለችን። ኮመዲኖዋ ባዶ ሆናለች፤ ካርቶኖቹ ሁሉ ለአስታማሚዎች ታድለዋል። ብርቱካኑን እየላጥን ያነበብነውን ሁሉ፣ ሊንድንም ኔክታርንም፣ በአጭሩ ነገርናቸው። በጸጥታ ሰምተው ሲያበቁ «በርበሬ ያልከው ግን እውነት ነው?» አሉን። እውነት ነው አልን። «እንግዲያስ ልጄ፣ ነገ ስትመጣ ያንን ትተህ ሁለት ቃሪያ ከቤት ይዘህልኝ ና፤ የዚህ ቤት ወጥ አልጫ ነው።»